ሁለት ሚዛን የያዘ ሕግ

«የጥንቱ የምዕራባውያን ሕግ ጨዋነትን ይጠብቅ ነበር፤ ሕጉ ስለ ላላ ግን ሥነ ምግባር ጠፋ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያጋጥሙኛል። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ይህን የምለው ዝሙትን ለማመስገን አይደለም፤ ዝሙት ቤት አፍራሽ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ያ ሕግ ይጠብቅ የነበረው ንጽሕናን ሳይሆን የወንድን ምቾት እንደ ነበረ የእንግሊዝ አገር ታሪክ ይመሰክራል።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1650 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፓርላማ ምንዝርን በሞት የሚያስቀጣ ሕግ አወጣ። ሲሰሙት ጽድቅ ይመስላል። ዳሩ ግን ምንዝር የተባለው ባል ያላት ሴት ስታመነዝር ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜ እርስዋም አብሯት የተገኘውም ወንድ ሞት ይፈረድባቸዋል። ሚስት ያለው ሰው ካላገባች ሴት ጋር ቢተኛ ግን ቅጣቱ የሦስት ወር እስራት ነበር። ባልም ሚስትም ያፈረሱት ቃል ኪዳን አንድ ሆኖ ሳለ እርስዋ በነፍስዋ፣ እርሱ በሦስት ወር ይከፍሉ ዘንድ ይህ ፍርድ ነውን?

በ1857 የወጣው የፍቺ ሕግም ከዚህ መንገድ አልራቀም። ባል የሚስቱን ማመንዘር ካስረዳ ይበቃው ነበር። ሚስት ግን ከባልዋ ማመንዘር በላይ ጭካኔውን፣ ጥሏት መሄዱን ወይም ሌላ ከባድ በደል ማስረዳት ነበረባት። ይህ ልዩነት የተሻረው በ1923 ነው። ጠበቆቹ «የሚስት ምንዝር የባዕድ ልጅ ወደ ርስት ያገባል» ይሉ ነበር። እንግዲያውስ ሕጉ የጠበቀው ርስትን ነዋ! ስለ ምን የንጽሕናን ካባ ይደርብለታል?

ከሁሉ የሚብሰው ከ1864 ጀምሮ የወጣው ነው። የአባለዘር በሽታ ወታደሩንና መርከበኛውን ስላጠቃ፣ በተወሰኑ የጦር ሰፈርና የወደብ ከተሞች ፖሊስ ሴተኛ አዳሪ ናት ብሎ የጠረጠራት ሴት በግድ ትመረመር ጀመር፤ በሽታ ከተገኘባትም በሆስፒታል ይዘጋባት ነበር። ወደ እርስዋ የሚሄደውን ወንድ ግን ሕጉ አልነካውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። «ለጤና ነው» ቢሉም፣ በሁለት ሰው መካከል የሚመላለስ በሽታ አንዱን ብቻ በመዝጋት እንደማይቆም ሕፃንም ያውቀዋል።

ጆሴፊን በትለር የተባሉ እመቤት፣ ይህን ነገር በአደባባይ ማንሣት ለሴት ነውር በነበረበት ዘመን፣ ስድቡን ታግሠው ከተማ ለከተማ እየዞሩ ተሟገቱ። ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ በ1886 ሕጉ ተሻረ። እኔ ከጨዋዎች የምቈጥረው ሕጉን ያወጡትን ሳይሆን እኒህን ሴት ነው።

እንግዲህ ነገ ዳኛ፣ አባት ወይም እናት የምትሆኑ ሁሉ ልብ አድርጉ። ስለ ጨዋነት የሚናገር ሕግ ሲቀርብላችሁ ምን ያህል ይቀጣል ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ ማንንስ ሳይነካ ያልፋል ብላችሁ መርምሩ። ከሁለት በዳዮች አንዱን ብቻ የሚቀጣ ሕግ ለሌላው ፈቃድ ሰጥቶታልና።