ውለታና ዕዳ፦ ‹‹ቦ ፈርቷል›› የተሰኘውን ፊልም ካየሁ በኋላ

በአገራችን አንዲት እናት በልጇ እጅግ ያዘነች እንደሆነ የምትናገራት እርግማን አለች፤ ‹‹ያጠባሁህ ጡት ይፋረድህ››። ቃሏን ልብ በሉልኝ። ጡት ከሳሽ ሆኖ ችሎት ፊት ይቆማል፤ ልጅ ተከሳሽ ይሆናል፤ ወተቱ ማስረጃ ነው። ይህችን እርግማን ከልጅነቴ ጀምሮ በጎረቤት አጥር በኩል ስሰማት ኖሬአለሁ። ችሎቱን በዓይኔ ያየሁት ግን ሰሞኑን፣ ባሕር ማዶ በተሠራ አንድ ፊልም ላይ ነው።

ፊልሙ ‹‹ቦ ኢዝ አፍሬይድ›› ይባላል፤ ‹‹ቦ ፈርቷል›› እንደ ማለት። እ.ኤ.አ. በ2023 ለዕይታ የበቃው ይህ ሥራ የአሜሪካዊው ጸሐፊና አዘጋጅ የአሪ አስተር ሦስተኛ ረጅም ፊልም ነው። ሰውዬው ቀደም ሲል በ2018 ‹‹ሄሬዲተሪ››ን፣ በ2019 ደግሞ ‹‹ሚድሶማር››ን ሠርቶ በአስፈሪ ፊልም ወዳጆች ዘንድ ስሙን ተክሏል። ዋኪን ፊኒክስ ቦን፣ ፓቲ ሉፖን እናቱን ሞናን ሆነው ይተውናሉ። ርዝመቱ አንድ ደቂቃ የጎደለው ሦስት ሰዓት ነው። 35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከሲኒማ ቤቶች የሰበሰበው ግን ወደ 12 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው። ተቺዎችም ለሁለት ተከፈሉበት፤ ገሚሱ ድንቅ ሥራ ነው ሲል፣ ገሚሱ ልጓም የሌለው ቅዠት ነው አለ።

እኔም ፊልሙን ያየሁት ከሁለት ወዳጆቼ ጋር ነበር። አንደኛው ከመሐሉ ላይ ‹‹ይህ ሰው ፊልም ሳይሆን ሕመሙን ነው የላከልን›› ብሎ ጃኬቱን አንሥቶ ሄደ። ሌላኛው እስከ ፍጻሜው ተቀምጦ፣ ሲያበቃ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወጣ። እኔ ብቻዬን ቀረሁና አሰብኩ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የዚያ ሌሊት ሐሳብ ነው። ፊልሙን ሳያየው ታሪኩ እንዳይነገረው የሚፈልግ አንባቢ ቢኖር እዚህ ላይ ያቁም፤ መጨረሻውን ሳልነካ የምለውን ማለት አልችልምና።

ቦ በዕድሜ የገፋ፣ ብቻውን የሚኖር፣ ጥላውን የሚፈራ ሰው ነው። የአባቱ ሙት ዓመት ደርሷልና ወደ እናቱ ቤት ሊበርር ትኬት ቆርጧል። ሻንጣውን በር ላይ አቁሞ፣ ቁልፉን በበሩ ላይ ሰክቶ፣ የረሳውን የጥርስ ክር ሊያመጣ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ሲወጣ ቁልፉም ሻንጣውም የሉም። አስተር ይህችን የቁልፍ ነገር እ.ኤ.አ. በ2011 ‹‹ቦ›› በሚል አጭር ፊልም ሞክሯት ነበር። አሁን ግን ከእርሷ ውስጥ አንድ ሙሉ ዓለም ፈለቀላት። ቦ ለእናቱ ስልክ ይደውላል፤ ቁልፌ ተሰረቀ፣ ልቀር ነው፣ ምን ላድርግ? ይላል። ከወዲያ በኩል ዝምታ ይመጣል። ቀጥሎም የሚሻለውን ራስህ ታውቃለህ የሚል ዓይነት መልስ። ቁጣ የለም፤ ስድብ የለም። በዚህ ሦስት ሰዓት ውስጥ ሰው በመኪና ይገጫል፣ ይታረዳል፣ ይሰጥማል፤ እኔን ግን ከሁሉ አብልጣ ያስፈራችኝ ያቺ ዝምታ ናት።

ስለ ፊልሙ የሚጽፉ ሁሉ ነገሩ ስለ ጭንቀት ነው ይላሉ። ሐሰት አይደለም። እኔ ግን ጭንቀቱ ከምን እንደመጣ በሙያዬ የማውቀው መሰለኝ፤ ከዕዳ ነው።

በባንክ መስኮት ኋላ መቀመጥ ከጀመርኩ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከእነዚህ አራቱን በብድር ክፍል አሳልፌአለሁ። ተበዳሪ ሲፈራ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። አብዝቶ የሚፈራው ብዙ የተበደረው አለመሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ዋናው ስንት፣ ወለዱ ስንት፣ መክፈያው መቼ እንደሆነ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ቢያንስ ሌሊቱን ይተኛል። እንቅልፍ የሚያጣው ቀሪ ዕዳውን የማያውቀው ነው። እንዲህ ያለው ሰው መንገድ ላይ ካገኘኝ ይሻገራል፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣል፤ ሰላምታዬ ሳይቀር የክፍያ ማስጠንቀቂያ ይመስለዋል። ቦ ማለት ይህ ሰው ነው። እናቱ እንዳበደረችው ያውቃል፤ ስንት እንዳበደረችው ግን ነግራው አታውቅም።

ኋላ ላይ ከብዙ መከራ በኋላ ወደ እናቱ ቤት ሲደርስ ሞታለች የተባለችው ሞና በሕይወት አለች። ሞቷ ወጥመድ ነበር። በሬሳ ሣጥን ውስጥ የተኛችው የቤት ሠራተኛዋ ማርታ ናት። ቦ ለነፍስ ሐኪሙ በምሥጢር የተናገረውም ሁሉ ተቀድቶ በእናቱ እጅ ይገኛል። እዚህ ላይ ሞና ትናገራለች፦ ከገዛ እናቴ ፍቅር አላገኘሁም፣ ያላገኘሁትን ሁሉ ለአንተ አፈሰስኩ፣ ምን መለስክልኝ? ዓይነት ንግግር ነው። እነሆ ወለዱ ከየት እንደጀመረ ታየ! ሞና የምትጠይቀው የራሷን ብቻ አይደለም፤ እናቷ ሳትከፍላት የሞተችውንም ዕዳ በልጇ ስም አዙራዋለች። በእኛ ዘንድ ‹‹ብድር በምድር›› ይባላል። ያልተከፈለው ሰው ከሌላ ሰው ሲያስከፍል ተረቱ ምን ይላል?

ማርታንም ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በእናትና በልጅ ሙግት መካከል ሕይወቷን የከፈለች እርሷ ናት፤ ፊልሙ ግን ብዙም አያለቅስላትም። የሰው ቤት እንጀራ በሠራተኛ እጅ በሚጋገርበት በዚህ ከተማ ለሚኖር ተመልካች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የታላላቆቹ የፍቅር ሒሳብ ሲተሳሰብ ክፍያው ብዙ ጊዜ የሚወጣው በጓዳ ካለችው ከእርሷ ነው።

ከዚያ በኋላ ችሎቱ ይመጣል። ቦ በትንሽ ጀልባ ሆኖ ሕዝብ ወደሞላበት የውኃ አደባባይ ይገባል። ከሳሹ የልጅነቱን ጥፋቶች በትልቅ ሰሌዳ እያሳየ ይዘረዝራል፤ ከእናቱ የተደበቀባት ቅጽበት እንኳ አልተረሳችም። ጠበቃው ከሩቅ ይጮኻል፤ ድምፁ አይሰማም፤ በመጨረሻም ከከፍታው ይወረወራል። ጀልባው ይገለበጣል። ሕዝቡም እንደ ሲኒማ ተመልካች አንድ በአንድ ተነሥቶ ይወጣል። ይህን ባየሁ ጊዜ ‹‹ይፋረድህ›› የምትለው የአገሬ ቃል በጀርባዬ ቆማ የምትስቅ መሰለኝ።

ታዲያ ፊልሙ እንከን የለውም ወይ? አለው። አንዱ ሰዓት ቢቀነስለት ባልጎደለበት። በጣሪያው ሥር ተዘግቶ የተገኘው ‹‹አባት›› የጎረምሶች ቀልድ ነው፤ ስንት የተደከመበትን ፍርሃት በአንድ ሳቅ ያባክነዋል። በአንጻሩ ቦ በጫካ ውስጥ የሚያየው ተውኔት፣ በቺሊያውያኑ ክሪስቶባል ሊዮንና ሆአኪን ኮሲኛ እጅ የተሠራው የሥዕል ዓለም፣ ብቻውን የሚታይ ግጥም ነው። እዚያ ቦ ሚስት ያገባል፣ ልጆች ይወልዳል፣ በጎርፍ ያጣቸዋል፣ ሸምግሎ ያገኛቸዋል። ያልኖረው ሕይወት ከኖረው ይልቅ እውነት ይመስላል።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። በዚህ ፊልም መዝገቡን የያዘችው እናት ብቻ ናት። ሁሉን የምናየው በቦ ዓይን ስለሆነ እርሷ አበዳሪ እንጂ ሰው ሆና የምትታየን ለጥቂት ደቂቃ ነው። የፈራ ሰው የሚፈራውን ሰው ፊት አያይምና ይህ የፍርሃት እውነተኛ ሥዕል ነው ሊባል ይችላል። እኔም በዚሁ ልተወው ነበር፤ የራሴን ደብተር ባላስታውስ ኖሮ።

አምና የአባቴ ሙት ዓመት የዋለው በሰኔ መጨረሻ፣ ባንኮች ሒሳብ በሚዘጉበት ሳምንት ነበር። ደሴ መሄድ አልቻልኩም። ደውዬ ብነግራት እናቴ ‹‹ግድ የለም ልጄ፣ ሥራህ ይቅደም›› አለችኝ። ከዚያም ዝም አለች። ያቺን ዝምታ አንድ ዓመት ሙሉ ተሸክሜ ዞርኩ። በወሩ ከወትሮው እጥፍ ገንዘብ ላክሁላት፤ እንደ ልማዴም በደብተሬ መዘገብኩት። አዎን፣ ደብተር አለኝ። ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ ለእናቴ የላክሁትን ሁሉ በቀንና በብር የጻፍኩበት። ‹‹ለማስታወሻ ነው›› እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬአለሁ።

ፊልሙን ባየሁበት ሌሊት አውጥቼ አገላበጥኩት። የወጪው ዓምድ ገጽ በገጽ ተሞልቷል። የገቢው ዓምድ ባዶ ነው። እኔን ለማስተማር ጠላ ስትጠምቅ ያደረችባቸው ሌሊቶች፣ ጭስ ያጠፋው ዓይኗ፣ አንዱም አልተመዘገበም። እንዲህ ያለ ደብተር አንድ ጀማሪ ሠራተኛ ቢያቀርብልኝ ፊቱ ላይ እመልስለት ነበር። አበዳሪዋ እርሷ ናት ብዬ ስፈራ፣ መዝገቡን ይዤ የተቀመጥኩት ለካስ እኔ ነበርኩ።

በማግሥቱ ደወልኩላት። ‹‹እማዬ፣ ውለታሽን በምን እከፍል ይሆን?›› አልኳት፤ እንደ ቀልድ አድርጌ።

‹‹የምን ውለታ?›› አለች። ‹‹ልጅ ነበርክ፤ ይርብህ ነበር፤ አበላሁህ።›› ጥቂት ቆይታም ‹‹ለፋሲካ ትመጣለህ?›› አለችና ዝም አለች።

ያችው ዝምታ ናት፤ አልተለወጠችም። በዚህ ጊዜ ግን የሰማሁባት መልሴን የሚጠብቅ ሰው ትንፋሽ ብቻ ነው። በእኛ ሙያ የሁለት ወገን መዝገብ አልገጥም ሲል የሚደረገው ሥራ ‹‹ሒሳብ ማስታረቅ›› ይባላል። ስንት ዓመት ስሠራው ቃሉ የሽማግሌዎች ቃል መሆኑን ልብ አላልኩም ነበር። ቦ የጎደለው ይህ ነው፤ ከሳሽና ጠበቃ ነበሩት፣ አስታራቂ ግን አልነበረውም።

ከዚያች ሌሊት የተረፈችኝን ስንኝ ለእናንተ ትቼ ልሰናበት፦

ዕዳ ነው እያልኩኝ ስደምር ስቀንስ፣
ሌማቷን ከድና ጠበቀች እስክደርስ።