ጥፋቱ የጀሪካኑ አይደለም

ይድረስ ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ባለፈው ስብሰባችን ላይ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ብዙ ጭብጨባ አግኝቷል። በየግቢው የተቀመጠ ባዶ ጀሪካን፣ የተቆረጠ በርሜል፣ ቃሪያና ቆስጣ የተተከለበት ዕቃ ሁሉ ተጠራርጎ ይውጣ፤ ያላወጣም ይቀጣ የሚል ነው። ምክንያቱ ቢንቢ ነው ተባለ። በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ስለሚሰጥበት፣ እጃችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ይህችን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። እኔ ሐሳቡን እቃወማለሁ። የምቃወመውም ቢንቢን ወድጄ አይደለም።

በቅድሚያ እውነቱን እንመን። ስለ ቢንቢ የተነገረው ውሸት የለበትም። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ ድሬዳዋ ገባ። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ ቺኩንጉንያ ቤት ለቤት ዞረ። ያን ጊዜ እኔ ራሴ ጀበና ለማንሣት ጣቶቼ እምቢ ብለውኝ እንደ ሕፃን አልቅሻለሁ፤ ስለዚህ ማንም ተነሥቶ “አንቺ በሽታውን አታውቂውም” ሊለኝ አይችልም። በ2014 ዓ.ም. ዝናብ በሌለበት ወራት የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። ያመጣችውም በከተማ ውስጥ ከተጠራቀመ ውሃ የምትራባው፣ በአገራችን መጀመሪያ በቀብሪደሃር የተገኘችው አኖፌሌስ ስቴፌንሲ የምትባለው ትንኝ ናት።

ታዲያ እነዚህ ቢንቢዎች የሚራቡት የት ነው? አፈር ውስጥ ነው? አይደለም። ቃሪያ ቅጠል ላይ ነው? አይደለም! ክዳን በሌለው ውሃ ውስጥ ነው። የደንጊዋና የቺኩንጉንያዋ ቢንቢ እንቁላሏን የምታጣብቀው ከውሃው ከፍ ብሎ በዕቃው ግድግዳ ላይ ነው። ውሃው ተደፍቶ ዕቃው ቢደርቅም እንቁላሉ ለወራት ይቆያል፤ ውሃ ሲመለስለት ይፈለፈላል። በእኛ ሙቀት ከተፈለፈለ በኋላ በሳምንት ወይም ትንሽ አለፍ ባለ ጊዜ ክንፍ አውጥቶ ይበርራል። ስለዚህ ውሃ መድፋት ብቻውን አይበቃም፤ ግድግዳውን በብሩሽ መፈተግ ያስፈልጋል።

እስቲ እንግዲህ ሁላችንም ወደየግቢያችን እንመልከት። ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ ውሃ የማያጠራቅም ቤት የለም። ከእነዚህ በርሜሎች ውስጥ ስንቱ ክዳን አለው? በስብሰባው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ጀሪካን የተናገረው ሁሉ የራሱን በርሜል ከፍቶ አይቷል? ቃሪያውን ነቅለን በርሜሉን ክፍቱን ከተውነው ማንን ነው ያባረርነው? ይኼ እኮ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው!

ደግሞስ ከግቢ የወጣ ጀሪካን የት ይሄዳል? ወደ ሰማይ አያርግም። ወደ ቦዩ ወይም ወደ ደቻቱ ይጣላል። በመጀመሪያው ዝናብ ይሞላል፤ ያኔ ባለቤት የለው፣ ክዳን የለው፣ የሚፈትገው የለው። በግቢያችን የነበረውን አንድ ዕቃ ለሰፈሩ ሁሉ የቢንቢ ማዋለጃ አድርገን ሰጠን ማለት ነው።

ትርፉን ተውትና ጉዳቱን ተመልከቱ። ከቤቴ ፊት ለፊት ያሉት ባልቴት ጎረቤቴ ቀፊራ ድረስ ወርደው መመለስ አልሆነላቸውም። የሽሯቸው ቃሪያና የምሳቸው ቆስጣ ከደጃፋቸው ከአራት ጀሪካን ነው። ነገ ኮሚቴው መጥቶ ጀሪካኖቹን ሲያነሣባቸው ቃሪያውን በምን ሊተካላቸው ነው? ይህን የሚመልስልኝ ሰው ካለ በስብሰባው ላይ ተነሥቶ ይመልስልኝ።

እኔ የምለው ዕቃው ይቅር ሳይሆን ውሃው ይከደን ነው። ይህም የሚቻል ነገር መሆኑን ከሥር በሚጠጣው መደብ አሳያችኋለሁ። ውሃው ከታች ተደብቆ ይቀመጣል፤ ኩራዝ ላምባውን በክሩ እንደሚስብ፣ አፈሩም ውሃውን በጨርቅ ወደ ላይ ይስባል። ለፀሐይም ለቢንቢም የተጋለጠ ውሃ የለውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን በሳሙና በደንብ ታጥቦ ከጫንቃው ላይ ይቆረጣል። ናፍጣ፣ የሞተር ዘይት፣ የባትሪ አሲድ ወይም የተባይ መድኃኒት የያዘ ጀሪካን ግን ቢታጠብም ለሚበላ ነገር አይሆንም። ከዚያ ሁለት ባለ አንድ ሊትር ባዶ ሃይላንድ ዙሪያቸውን በጋለ ምስማር ተበስተው ጎን ለጎን ከሥር ይተኛሉ። በጥጉ በኩል አንድ ቁራጭ ቱቦ ከላይ እስከ ታች ይቆማል፤ ውሃ የሚጨመረው በእሱ ነው። ከአሮጌ ነጠላ ሁለት ሦስት ቁራጭ ተቀድዶ ጫፉ መሬቱን እንዲነካ ይደረግና፣ በዙሪያው ጠጠር እስከ 10 ሳንቲሜትር ይሞላል። በጠጠሩ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ ይነጠፋል፤ የነጠላው ሌላው ጫፍ በእሱ ተሾልኮ ወደ ላይ ይወጣል። በመጨረሻም ሁለት እጅ አፈርና አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ተደባልቆ ይሞላበታል።

አሁን ዋናውን ነገር ስሙኝ። በጀሪካኑ ጎን ከሥር 10 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ልክ ጠጠሩ በሚያልቅበት ላይ፣ የእርሳስ ውፍረት ያህል ቀዳዳ ይበሳል። ትርፉ ውሃ የሚወጣው በዚህ ነው። ይህ ቀዳዳ ከሌለ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ዝናብ ሲመጣም ውሃው አፈሩ ላይ ይተኛል። በቀዳዳው ላይ የተቀደደ አጎበር ቁራጭ ይታሰርበት፤ ደህናው አጎበር ግን ከአልጋ እንዳይወርድ! የቱቦውም አፍ ሁልጊዜ በጨርቅ ይወተፍ። እነዚህ ሁለቱ ከተደረጉ ቢንቢ መግቢያም መውጫም የላትም።

እንዲህ የተሠራ አንድ ጀሪካን ከሥሩ ከ3 ሊትር የማያንስ ውሃ ይይዛል። ሲተከል ከላይ በደንብ ይጠጣ፤ ደረቅ አፈር ከሥር ለመሳብ ይቸገራልና። ችግኙ ሥር እስኪሰድም ለሁለት ሳምንት ያህል ከላይ ማጠጣቱ አይቅር። እኔ በፊት ጠዋትና ማታ በጣሳ አፈስስ ነበር፤ አሁን ለቆስጣውና ለቃሪያው በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንዴ እጨምራለሁ። ፍሬ የያዘ ቲማቲም ግን በሙቀት ጊዜ በየቀኑ ይጠይቃል፤ ይህን አልደብቅም። ጦስኝና የጥብስ ቅጠል እርጥበት ስለማይወዱ በዚህ ዕቃ አይሆኑም። የከተማችን ውሃ በማሰሮ ላይ ነጭ ቅርፊት እንደሚተው ታውቃላችሁ፤ ያው ቅርፊት አፈሩም ላይ ይወጣል። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ በጎኑ ቀዳዳ እስኪፈስስ ድረስ ከላይ በውሃ ይታጠብ። ፀሐይ ፕላስቲኩን እንዳይሰነጥቀው ጎኑን በከረጢት መሸፈን ወይም ኖራ መቀባት ይበጃል። ገንዘብ የወጣበት ነገር የለም፤ ምስማሩን ያጋልኩበት ከሰል ካልተቆጠረ በቀር።

ወገኖቼንም ደግሞ አልምራቸውም። አትክልት ተክለናል እያላችሁ ከሥሩ ሳህን አስቀምጣችሁ ውሃ የምታቆሙ፣ ቱቦውን ሳትወትፉ የምትተዉ፣ ባዶ ጎማ ደጃፍ ላይ የምትከምሩ አላችሁ። የክልከላውን ሐሳብ ያመጣብን የእናንተ ስንፍና ነው። አቦ፣ እኛን አታሰድቡን!

ስለሆነም በሚቀጥለው ስብሰባ በጀሪካኑ ክልከላ ፈንታ የሚከተለው እንዲወሰን አቀርባለሁ።

1ኛ. የሚከለከለው ዕቃ ሳይሆን ክፍት ውሃ ይሁን።

2ኛ. ቅዳሜ ጠዋት በየቤቱ ያለ የውሃ ዕቃ ሁሉ እየተራገፈ ግድግዳው በብሩሽ ይፈተግ። ተራግፎ የማያልቀው ትልቁ በርሜል ጥብቅ ክዳን ይኑረው።

3ኛ. ክዳን መግዛት ለቸገራቸውና ለአቅመ ደካሞች ወጣቶቻችን በወፍራም ጨርቅና በገመድ ክዳን ሠርተው ይሰሩላቸው።

4ኛ. ከሥር የሚጠጣ መደብ ያለው ሁሉ ቱቦው የተወተፈ፣ ቀዳዳው በአጎበር የተሸፈነ መሆኑን ለኮሚቴው ያሳይ። ያላሟላው ይነሣ፤ የእኔም ቢሆን።

አሠራሩን ማየት የሚፈልግ ቅዳሜ ከፍተጋው በኋላ ደጄ ይምጣ። ጀሪካኑን፣ ሁለቱን ሃይላንድና የአሮጌ ነጠላ ቁራጩን ይዞ ይምጣ፤ ምስማርና ከሰሉን እኔ አቀርባለሁ። ተቃዋሚዎቼም ኑ፤ ቡና አፍልቼ እጠብቃችኋለሁ። በርሜላችሁን ከድናችሁ ግን!

ውሃውን እንክደን፤ ደጃችንን እናልማ!

ከሰፈሩ ነዋሪዎች አንዷ