ሶላታችንን የሚያስታውሰን አፕ ለማን ይነግራል?



በግቢያችን ጀመዓ ውስጥ የሶላት ሰዓት የሚነግር አፕ ስልኩ ላይ ያልጫነ ተማሪ ማግኘት ከባድ ነው። ዶርም ውስጥ፣ ላይብረሪ ውስጥ፣ አንዳንዴ ክላስ መሀል ሳይቀር አዛን ይለቃል (ክላስ ስንገባ ስልክ ስለ ማጥፋት ሌላ ጊዜ እንጽፋለን)። አስታዋሽ ማግኘታችን መልካም ነው። ዛሬ ማንሳት የፈለግነው አስታዋሹ ስለ እኛ ለሌላ ሰው የሚናገረውን ነው።

ነገሩ ግምት አይደለም። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ማዘርቦርድ የተባለው የዜና ማሰራጫ አንድ ጉድ አወጣ። በዓለም ዙሪያ ከ90 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የተጫነው «ሙስሊም ፕሮ» የተጠቃሚዎቹን ሎኬሽን «ኤክስ ሞድ» ለሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ሲያስተላልፍ ቆይቷል። ኤክስ ሞድ ሎኬሽን ሰብስቦ ይሸጣል፤ ከደንበኞቹ መካከልም ለአሜሪካ ጦር በኮንትራት የሚሠሩ ድርጅቶች ነበሩበት። ዜናው ሲወጣ የአፑ ባለቤቶች ግንኙነቱን ማቋረጣቸውን ተናገሩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ «ሰላት ፈርስት» የተባለው አፕ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ለአንድ የፈረንሳይ የዳታ ነጋዴ ሲሰጥ እንደነበር ተሰማ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኤክስ ሞድን ሰዎች ወደ አምልኮ ቦታና ወደ ሕክምና ሲሄዱ የሚያሳየውን ዓይነት ሎኬሽን እንዳይሸጥ የከለከለው በ2016 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ የተሸጠው ተሸጧል።

«እኛ ሶዶ ላይ ተቀምጠን ምን አገባን? የምንደብቀው ምን አለ?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ሶላታችንን አንደብቅም፤ በግልጽ ነው የምንሰግደው። ግን እናስብበት። ብዙ ሙስሊም በሚኖርበት ከተማ የሶላት አፕ የጫነ ስልክ ከብዙዎች አንዱ ነው። ወላይታ ውስጥ እኛ ጥቂት ነን። እዚህ የሶላት አፕ የሚከፍቱ ስልኮች ዝርዝር የእኛው የስም ዝርዝር ሊሆን ምንም አይቀረው፤ የት እንደምናድር፣ ስንት ሰዓት መስጂድ እንደምንገባ፣ ለእረፍት ወደየትኛው ከተማ እንደምንሄድ ጭምር። ይህን የምንለው አብረውን የሚያድሩትን የዶርም ጓደኞቻችንን ፈርተን አይደለም፤ እነሱማ መች ሱብሒ እንደምንነሳ ከአፑ በተሻለ ያውቁታል፣ እንቅልፋቸውን የምንረብሸው እኛ ነንና። የምንሰጋው ማን እንደሆነ የማናውቀውን ገዢ ነው።

ዲናችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 12 መሰለልን ይከለክላል። ሱረቱ ኑር ደግሞ የሰው ቤት ሳያስፈቅዱ መግባትን ይከለክላል፤ ሦስት ጊዜ አስፈቅዶ መልስ ያላገኘ እንግዳ ይመለስ የሚለውን አደብ ከሐዲሥ ሁላችንም ተምረነዋል። አፑ ግን አንድ ጊዜ ይጠይቃል፣ እኛም ሳናነብ «ፍቀድ» እንላለን፣ ከዚያ በኋላ ሌሊት ተኝተን እንኳ ቤታችን ውስጥ ነው።

የሚገርመው፣ ለሶላት ሰዓት ይህ ሁሉ አያስፈልግም። የሶላት ሰዓት የሚወጣው ከፀሐይ ነው፤ ለዚያ የሚበቃው የከተማው ስም ነው። ከሶዶ ቦዲቲ ወይም አረካ ብንሄድ መግሪብ አንድ ደቂቃ ያህል እንኳ አይለወጥም። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ዓመቱን ሙሉ የመግሪብ ሰዓት የሚለዋወጠው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ነው። ቂብላም ቢሆን ከሶዶ ወደ መካ አቅጣጫው ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 8 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል ያለ ነው። ከከተማው በስተሰሜን የዳሞታ ተራራ ቆሞልናል፤ ከተማ መሀል ሆኖ ወደ ዳሞታ የዞረ ሰው ከቂብላው ብዙም አልራቀም። ታዲያ አንድ አፕ ከዶርም ወደ ካፌ፣ ከካፌ ወደ ክላስ የሚከተለን ለምንድን ነው? ለሶላታችን ብሎ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ስለዚህ አፑን አጥፉት አንልም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የሎኬሽን ፈቃዱን ንሱት፣ ከተማውን በእጃችሁ «ሶዶ» ብላችሁ ምረጡ። ሶዶን ካላገኘው ሐዋሳን ወይም አዲስ አበባን መርጣችሁ ጥቂት ደቂቃ አስተካክሉ። አንድሮይድ ላይ ጎግል የሚለው ሴቲንግ ውስጥ የማስታወቂያ መለያ ቁጥራችሁን መሰረዝ ይቻላል፤ ይህ ቁጥር ነው የተለያዩ አፖች ስለ አንድ ስልክ የሚያውቁትን የሚያገጣጥመው። ብራውዘራችሁ ላይ የሌላ ወገን ኩኪዎችን ዝጉ። ኢንኮግኒቶ መክፈት ስልካችሁን ከሚነካው ጓደኛችሁ እንጂ ከድረ ገጹም ሆነ ከዋይፋዩ ባለቤት አይሰውራችሁም። በ2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያ በተዘጋ ጊዜ ያገኘነውን ነፃ ቪፒኤን ሁሉ ጭነን ነበር፤ ያኔ የጫናችሁት እስካሁን ካለ አስወግዱት። ፌስቡክ ራሱ ኦናቮ በሚል ስም ነፃ ቪፒኤን አቅርቦ ሰዎች በየትኛው አፕ ምን ያህል እንደሚቆዩ ይሰልልበት ነበር።

ሕግም አለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ግን ውጭ አገር ያለ የዳታ ነጋዴ ከሶዶ ሆኖ መክሰስ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ለዚህ ነው ከስልካችን የምንጀምረው።

ከሁሉም በላይ ከራሳችን እንጀምር። ባለፈው ረመዷን ለጋራ ኢፍጧር ስንመዘግብ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ ዲፓርትመንትና የዶርም ቁጥር በጎግል ፎርም ሰበሰብን። ለሩዝና ለቴምር ግዢ የሚያስፈልገን የሰው ብዛት ብቻ ነበር። መልሱ የገባበትን ሰንጠረዥ ደግሞ ሊንኩ ያለው ሁሉ እንዲከፍተው አድርገን ቴሌግራም ላይ ለቀቅነው። የእህቶቻችን የዶርም ቁጥር ሳይቀር እዚያ ላይ ነበር። አንዲት እህት እስክትነግረን ድረስ ማናችንም ልብ አላልነውም። አማና ነበር፣ አልጠበቅነውም፤ አውፍ በሉን።

ሰንጠረዡ አሁን ተሰርዟል። ያኔ ወደ ስልኩ ያወረደ ካለ እሱም ያጥፋው። በሚቀጥለው ኢፍጧር በየዲፓርትመንቱ አንድ ተወካይ ቁጥር ብቻ ያመጣል። የሶዶን የሶላት ሰዓት በወር በወር አስልተን በወረቀት ልናትም ነው፤ ስሌቱን ማገዝ የምትችሉ የሒሳብና የፊዚክስ ተማሪዎች ጁሙዓ ከሶላት በኋላ አግኙን። ወረቀቱን በየዶርሙ በር ላይ እንለጥፋለን፣ ኢንሻአላህ።