ዕቁብህን ለሜጋፒክስል አትገብር

«ፎቶ መጀመር እፈልጋለሁ፤ ግን ካሜራ የለኝም» የሚሉ ወዳጆች በዝተዋል። ካሜራ ማለት ለነሱ ፉል ፍሬም ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ መጫወቻ! ይሄን ወሬ የሚነዛው ሻጩ ብቻ አይደለም፤ አንገቱ ላይ ጡብ የሚያህል ካሜራ አንጠልጥሎ የሚንጎራደደውም ጭምር እንጂ።

እስቲ እናስላው። ፎቶህ የሚታየው ስልክ ላይ ነው። ፉል ኤችዲ የሚባለው ስክሪን 1920 በ1080 ነጥብ፣ ማለትም 2 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ኒኮን ዲ90 ደግሞ 12 ሜጋፒክስል አለው። ስድስት እጥፍ ተርፎሃል፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

ለውጥ የሚያመጣው ሌንሱ ነው። ከካሜራው ጋር የሚሸጠው 18-55 ሌንስ ዙሙ ጫፍ ሲደርስ ኤፍ 5.6 ላይ ይቆማል። 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ግን ወደ አስር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ማታ ቡና የምታፈላውን እናትህን ያለ ፍላሽ የምታነሳው በሱ ነው።

ስለዚህ ያገለገለ ቦዲ ግዛ። ከመክፈልህ በፊት ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙረህ ሻጋታ እንዳይኖረው እይ፤ ሻተሩ ስንት ፎቶ እንዳነሳም አጣራ። በተረፈህ ብር ታክሲ ተሳፍረህ መርካቶ ውረድ፣ ሰውን አስፈቅደህ አንሳ።

ዕቁቡ እስኪደርስህስ? ኪስህ ውስጥ ያለው ስልክ ምን ሆነና ነው?