ማን በላህ?

ለዕረፍት ወደ አገሩ ገብቶ ከስቶ የተገኘ ተማሪ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ መንደሮች የሚቀበለው ጥያቄ የታወቀ ነው። እናት ጉንጩን ዳብሳ፣ «ምነው ልጄ! ማን በላህ?» ትላለች። የበላኝስ ፈተና ነው ቢል የሚሰማው የለም። በእኛ አገር ሰውነት እንዲያው አይከሳም፤ የሚከሳው ሌላ ሲበላው ነው።

ቡዳ ቀን ሰው ነው፤ ማታ ጅብ ሆኖ ይዞራል፤ በዓይኑ የበላው ሰው ሞቶ ሲቀበር ከመቃብር ያወጣዋል ይባላል። ልጆች ሳለን እሳት ዳር ተቀምጠን፣ ጆሮዋ ላይ የወርቅ ጉትቻ ስለተገኘባት ጅብ ስንሰማ ጠጉራችን ይቆም ነበር። (ፈረንጅ ሲኒማ ቤት ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛውን ድንጋጤ እኛ ከራት ጋራ በነጻ እናገኘው ነበር።)

ተረቱን አልጠላውም። የገበታችን ወግ ግማሹ ከዚሁ ፍርሃት የተወለደ ይመስለኛል። መሶቡ ክዳን አለው፤ የሚበላ ሰው አላፊ አግዳሚውን «እንብላ» ሳይል አይጎርስም። በዐጼ ምኒልክ ግብር ላይ እንኳ ንጉሠ ነገሥቱ በልተው እስኪጨርሱ መጋረጃ ይጋረድ ነበር። ቶም ቦይልስተን የተባሉት ተመራማሪ በጣና ዳር በዘጌ ተቀምጠው ካጠኑ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት መጽሐፍ ጾሙን፣ ግብዣውንና ቡዳውን አያይዘው መመልከታቸው ትክክል ነው።

ነገር ግን ቡዳ የሚባለው ማን ነው? ባለእጁ ነው። ምጣዱን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ፣ ማረሻውን የሚቀጠቅጠው ብረት ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸማኔው ናቸው። ጤፉ ያለ ማረሻ አይዘራም፤ እንጀራው ያለ ምጣድ አይጋገርም። ብዙዎቹ ርስት ስላልነበራቸው እህል የሚያገኙት በእጃቸው ሥራ ብቻ ነበር። እንግዲህ ማሳ የሌለውን ሰው በላተኛ፣ ጎተራው የሞላውን ደግሞ ተበላሁ ባይ ያደረገው ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ዐጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ከአዋጁ የበለጠ ዕድሜ አገኘ።

ይህ የገበሬ ነገር ነው፣ እኛን አይመለከተንም የሚል ተማሪ ካለ ልንገረው። እናቱ ሸክላ ሠሪ የሆኑ አንድ ጓደኛ አለኝ። አብረን ስንበላ ዓይኑን ከሰው ሳሕን ላይ አያሳርፍም፤ ጉርሻም አይሰጥም፤ እኔም ዓይነ አፋር ነው ብዬ አልፈው ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት፣ ከመኝታ ክፍላችን አንዱ ከራት በኋላ ሆዱን ሲቆርጠው፣ ኬሚስትሪ የሚማሩ ልጆች ጨርቅ አጭሰው «ማን በላህ? ተናገር!» እያሉ ያፋጥጡት ጀመር። ጓደኛዬ ጫማውን አድርጎ ወጣ። የት እንዳደረ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። በማግሥቱ የታመመው ልጅ የአሜባ ኪኒን ይዞ ከክሊኒክ ተመለሰ። ይቅርታ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ዘንድሮ ጓደኛዬ በጣም ከስቷል። እሱን ማን በላህ ብሎ የጠየቀው የለም።