«ስንት ልጅ ወልደሻል?» በጉዲፈቻ ውጭ ስለሄዱ ልጆችና እዚህ ስለቀሩ ቤተሰቦች



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከተለመደው የስኳርና የደም ግፊት ምክር ትንሽ ወጣ ይላል። ነገር ግን በምርመራ ክፍል ውስጥ ደጋግሞ ይገጥመኛል፤ ሰዉ ደግሞ በሹክሹክታ ካልሆነ አያወራውም። በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር ስለሄዱ ልጆችና እዚህ አዳማና አካባቢዋ ስለቀሩ ቤተሰቦቻቸው ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ሕጉ በሩን ዘግቶታል፤ የሄዱት ልጆች ግን አሁንም የእኛ ጉዳይ ናቸው። እነሱን ለመርዳት ዶላር አያስፈልገንም። የሚያስፈልገው እውነተኛ መረጃ አዘጋጅቶ መጠበቅና እናቶቻቸውን ማሸማቀቅ ማቆም ነው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን የከለከለው ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሃያ ዓመታት ገደማ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆችን ወስዳለች። በፈረንጆች 2010 ብቻ ከ2,500 በላይ ልጆች ወደዚያ ሄደዋል። ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ቤልጂየምና ዴንማርክ የሄዱት ከዚህ ቁጥር ውጭ ናቸው። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ አሉ፣ የወለዱ አሉ። «እናቴ ማን ናት? በቤተሰቤ ውስጥ ምን በሽታ አለ?» እያሉ የሚመለሱም አሉ።

እኛ የቀረነውስ? «ያለፈ ነገር ነው፣ ምን ይቆሰቁሰዋል» የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔ አልስማማም። ምክንያቴን ከሥራዬ ልጀምር።

ነፍሰ ጡር ስትመጣ ከምንጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «ስንት ልጅ ወልደሻል?» የሚለው ነው። ልጅ ለውጭ ጉዲፈቻ የሰጠች እናት እዚህ ላይ ቆም ትላለች። ሦስት ወልዳ «ሁለት» ትላለች። አማቷ አጠገቧ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል፤ አዲሱ ባሏ ላያውቅ ይችላል። ይህ የቁጥር ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ያ የተደበቀው ወሊድ በኦፕሬሽን ከነበረ፣ ደም ብዙ ፈስሷት ከነበረ፣ ግፊቷ ጨምሮ አንቀጥቅጧት ከነበረ፣ ወይም የደሟ አርኤች ኔጋቲቭ ከሆነ፣ ያላወቅነው ነገር በሚቀጥለው ወሊድ ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል። እህቴ፣ ለሐኪምሽ ብቻ ንገሪ። ሌላ ሰው ካለ «ብቻችንን እንነጋገር» ማለት መብትሽ ነው። እኛም የጤና ባለሙያዎች ጥያቄውን ስንጠይቅ አጃቢን ከክፍሉ ማስወጣት ልማዳችን መሆን አለበት።

ከዚያ ባሻገር ሐዘኑ አለ። ልጅ የሞተባት እናት ለቅሶ ይደረስላታል፣ ድንኳን ይተከልላታል፣ እድርተኛው አብሯት ያመሻል። ልጇ በሕይወት እያለ የማታየው እናት ግን ለቅሶ የላትም። «ልጇን ሸጠች» የሚላት ጎረቤት ነው ያላት። ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የልብ ምት መጨመር፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል» እያለች ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ ትዞራለች። ለጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷት ትመለሳለች። ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ ካልቆመ፣ የልጁን ልደት በሚያስታውሱ ወራት ከባሰ፣ ይህ ሕክምና ያለው ነገር ነው። የአእምሮ ጤና ክትትል ጠይቁ፤ አያሳፍርም።

ስለ «ሸጠች» የሚለው ቃል ትንሽ ልበል። ጉዲፈቻ ራሱ ከኦሮምኛ የመጣ ቃል ነው፤ መነሻው ማሳደግ ነው። በኦሮሞ ባህል በጉዲፈቻ የሚያድግ ልጅ እንደ ተወላጅ ልጅ ይቆጠራል። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ጉዲፈቻ የተደረገ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። ስለዚህ ብዙ እናትና አያት ወረቀቱ ላይ ሲፈርሙ የገባቸው ይህ ነበር፦ ልጁ ተምሮ ይመለሳል፣ ይጽፋል፣ ይጠይቀናል። በአሜሪካ ሕግ ግን ያው ፊርማ የቀድሞውን ወላጅነት ፈጽሞ ያቋርጣል። አንድ ቃል በሁለት አገር ሁለት ትርጉም ነበረው፤ ይህንን ለፈራሚዋ በቋንቋዋ ያስረዳት ሰው ብዙ ጊዜ አልነበረም። ይህን የሚያውቅ ሰው «ሸጠች» ለማለት ይከብደዋል ብዬ አስባለሁ።

አሁን ወደ መረጃው። ውጭ ያለው ልጅ ሐኪም ጋ ሲሄድ «በቤተሰብ ውስጥ የስኳር፣ የልብ፣ የካንሰር ሕመም አለ?» ይባላል። መልሱ ሁልጊዜ «አላውቅም» ነው። እናንተ ግን ታውቃላችሁ። አያቱ በግፊት ስትሮክ ሞተው ይሆናል፣ አክስቱ የጡት ካንሰር ነበራት ይሆናል፣ አጎቱ በግላኮማ ዓይኑ ጠፍቶ ይሆናል። በአንድ ደብተር ጻፉት፦ ማን፣ በስንት ዓመቱ፣ በምን ታመመ። የሚጥል በሽታና የአእምሮ ሕመምም ይጻፉ፤ እነዚህን ነው የምንደብቃቸው። እናትየው ሄፓታይተስ ቢ እንዳለባት ካወቀች ደግሞ ልጁም እዚህ ያሉት ወንድምና እህቶቹም መመርመር አለባቸው፤ በወሊድ ጊዜ ሊተላለፍ ስለሚችል።

የእኛ አካባቢ ልዩ ነገር ጥርስ ነው። በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በዝዋይ አካባቢ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በእኛ አካባቢ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋሉ። ቋሚ ጥርስ መንጋጋ ውስጥ የሚሠራው ገና በሕፃንነት ነው። ስለዚህ በ5 ዓመቱ ነጭ የወተት ጥርስ ይዞ የሄደ ልጅ፣ በ7 እና በ8 ዓመቱ አሜሪካ ሆኖ ቡናማ ጥርስ ሊያበቅል ይችላል። አሳዳጊዎቹ «ጥርሱን አይቦርሽም» ብለው ይቆጡታል፣ ትምህርት ቤት ይስቁበታል። ፍሎሮሲስ እንደሆነና ከተወለደበት ውሃ እንደመጣ የሚነግረው ሰው ቢኖር ግን ያ ጥርስ የትውልድ ቦታ ምልክት ጭምር ነው። የጥርስ ሐኪም መልኩን ሊያስተካክለው ይችላል።

የሰውነት ምልክቶችም እንዲሁ። እንጥሉ ተቆርጦ ነበር? ቅንድቡ ላይ ተበጥቶ ነበር? ሆዱ ላይ የተተኮሰ ጠባሳ አለ? እነዚህን የማያውቅ የውጭ ሐኪም ልጁ ተደብድቦ ነበር ብሎ ሊደመድም ይችላል። (ልማዱን መደገፌ አይደለም፤ እንጥል ማስቆረጥ ጉዳት አለው፣ አታስቆርጡ። ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ጽፌበታለሁ።) የት፣ በስንት ዓመቱ፣ ለምን እንደተደረገ ጻፉ።

ከሁሉ የከፋው ግን የዕድሜ ስህተት ነው። የእኛና የፈረንጆች አቆጣጠር በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያያል፤ ሲተረጎም ይሳሳታል። አንዳንዴም ልጁ ቶሎ እንዲወሰድ ሆን ተብሎ ዕድሜው ተቀንሷል። በወረቀት 6 ዓመቷ የሆነች ልጅ በእውነት 9 ከሆነች፣ ጡት ማጎጥጎጥ ስትጀምር ሐኪሙ «ያለ ዕድሜ ጉርምስና» ብሎ ሆርሞን ሊያዝላት ይችላል። በተቃራኒውም ከውጭ በጉዲፈቻ በተወሰዱ ሴት ልጆች ላይ ያለ ዕድሜ ጉርምስና በእርግጥ እንደሚበዛ በስካንዲኔቪያ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ትክክለኛ የልደት ቀን ከሌለ ሁለቱን መለየት ይከብዳል።

ለዚህ የሚያሳዝነው ምሳሌ በብዙዎቻችሁ የሚታወቀው የሐና ታሪክ ነው። ከኢትዮጵያ ተወስዳ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ስታድግ ግንቦት 2003 ዓ.ም. በብርድና በረሃብ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿ በፈረንጆች 2013 ጥፋተኛ ተባሉ። በፍርዱ ሂደት ዕድሜዋ አከራካሪ ስለነበር አስከሬኗ ከመቃብር ወጥቶ ተመርምሯል። ባለሙያዎቹ በዕድሜዋ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። የልጅቷ የልደት ቀን ከሞተች በኋላ በአጥንትና በጥርስ ሲፈለግ አስቡት።

ይህን ስጽፍ ሁሉም አሳዳጊ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። በፍቅር ያደጉ፣ በየዓመቱ ፎቶ የሚላክላቸው ቤተሰቦች ያሏቸው ልጆችም አሉ። በፈረንጆች 2002 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የስዊድን ጥናት ከውጭ አገር በጉዲፈቻ የመጡ ልጆች ከሌሎች እኩዮቻቸው ይልቅ ራስን ወደ ማጥፋት ሙከራና ወደ ከባድ የአእምሮ ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል፤ አብዛኞቹ ግን በሰላም ማደጋቸውንም እንዲሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ውጭ ሆናችሁ የምታሳድጉና ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ልጁ ስለ እናቱ ሲጠይቅ ፍቅራችሁን እየካደ እንዳይመስላችሁ።

የመመለሻውን ነገር በጥንቃቄ ያዙት። ልጁ ሲመጣ ቤት ይጨናነቃል፤ ዶሮ ይሠራል፣ ቡና ይፈላል፣ ሃያ ሰው በአንዴ ያቅፈዋል። እሱ አማርኛም ኦሮምኛም አይሰማም። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሦስት ሰው ይበቃል። ከቤተሰቡ ያልሆነ አስተርጓሚ ይኑር፤ አጎት ሲተረጉም የራሱን ጥያቄ ይጨምርበታል። በመጀመሪያው ቀን የገንዘብ ነገር አታንሱ፤ ችግራችሁ እውነት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ልጁ የተፈለገው ለገንዘብ ብቻ ነው ብሎ ከሄደ አይመለስም። እናት ነኝ፣ ወንድም ነኝ የሚል ሁሉም እውነቱን ላይሆን ስለሚችል፣ የዲኤንኤ ምርመራ ቢጠየቅ እንደ ስድብ አትቁጠሩት። የእናትና የልጅ ውጤት እርግጠኛ ነው ማለት ይቻላል፤ የእህትና የወንድም በተለይ በአንድ ወላጅ ብቻ ከሆነ አሻሚ ሊሆን ይችላል። እናትየው በሕይወት ካለች እሷ ትመርመር። «ልጅሽን አገኝልሻለሁ» ብሎ አስቀድሞ ብር ለሚጠይቅ ደላላ አትክፈሉ። ጉዳዩን ያጸደቀው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነበርና የመዝገብ ቁጥሩ በእጃችሁ ካለ በሚገባ ያዙት፤ ፎቶ አንሱትና ለሌላ ዘመድም ስጡ።

አሁን ደግሞ ስለ ዛሬ። ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች እዚሁ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በልብስ ስፌት ይሠራሉ። አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። አንዷ ስታረግዝ ወላጆቿ አያውቁም፣ ልጁን የሚይዝላት የለም፣ ሽፍቱ ግን አይጠብቅም። «ዶክተር፣ የሚወስድልኝ ሰው ብታገኚልኝ» የምትለኝ አለች። ከሃያ ዓመት በፊት ወደ ውጭ ይወስድ የነበረው መንገድ ቢዘጋም፣ እናቶቹን ወደዚያ የገፋው ችግር እዚሁ ፓርኩ በር ላይ አለ። የሕፃናት ማቆያ፣ የወሊድ ፈቃድና የቤት ኪራይ ጉዳይ በዚህ አካባቢ የጉዲፈቻ ጉዳይም ነው። ባለ ፋብሪካዎችም ከተማ አስተዳደሩም እንዲህ ቢያዩት ደስ ይለኛል።

እንዲህ ያለች እህት አጠገባችሁ ካለች በመንደር ስምምነት ልጁን አሳልፋ እንዳትሰጥ ንገሯት። መጀመሪያ የወረዳውን የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ታናግር፤ ከልጇ ጋር የምትቆይበት መንገድ ካለ ይታይ። ከሌለና በአገር ውስጥ ጉዲፈቻ የምትሰጥ ከሆነ በፍርድ ቤት ይጽደቅ። ልጅ የምትወስዱ ቤተሰቦች ደግሞ የክትባት ካርዱን፣ የልደት ሰርተፍኬቱን፣ የእናትየውን ሙሉ ስምና የመጣችበትን ወረዳ፣ በእርግዝና ጊዜ የተደረገላትን የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢና የቂጥኝ ምርመራ ውጤት ተቀበሉ። ካርዱ ከጠፋ ክትባቱ በተሰጠበት ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ሊገኝ ስለሚችል ቶሎ ሄዳችሁ ጠይቁ።