ስለ መንፈቅ ትምህርት ምዝገባ

የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በዓመት ሁለት ጊዜ ይጀመራል። በየመጀመሪያውም ተማሪው ከሬጅስትራር መስኮት ፊት ይሰለፋል፤ ወይም በዛሬው ጊዜ እንደ ተለመደው ከኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ በዚያ ወቅት የሚማራቸውን ኮርሶች ያስመዘግባል። ይህ ሥራ በብዙ ሰው ዘንድ እንደ ወረቀት ጉዳይ ብቻ ይታያል። ተማሪው ስሙን ይጽፋል፤ አማካሪ መምህሩ ይፈርማል፤ ጸሐፊው ማኅተም ይመታል፤ ነገሩም በዚያው ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ወጣት በአራት ዓመት ይጨርሰዋል የተባለውን ትምህርት በአምስትና በስድስት ዓመት የጨረሰበትን ምክንያት መርምሮ ለማየት የሚፈልግ ሰው፣ የፈተናውን ወረቀት ብቻ ሳይሆን የምዝገባውንም ወረቀት ቢመለከት መልካም ነው። ስሕተቱ ከዚያ የሚገኝበት ጊዜ አለና።

ሴሚስተር የሚባለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ስድስት ወር ማለት ነው፤ ስለዚህ በራሳችን ቋንቋ መንፈቅ ብንለው አንሳሳትም። ትምህርትን በመንፈቅ ከፍሎ፣ እያንዳንዱንም ኮርስ ክሬዲት በሚባል መስፈሪያ ሰፍሮ መስጠት በሰሜን አሜሪካ የተስፋፋ ልማድ ነው። ቻርልስ ኤልዮት የተባለው ሊቅ ከ1869 እስከ 1909 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲሠራ፣ ተማሪው ከሚሰጡት ትምህርቶች የሚወደውን እንዲመርጥ ፈቀደ። ምርጫ በመጣ ጊዜ ደግሞ ማን ምን ያህል ተማረ ብሎ መቍጠር ግድ ሆነ። በ1905 አንድሩ ካርኔጊ የተባለው ባለጸጋ ለሸመገሉ የኮሌጅ መምህራን ጡረታ የሚሆን 10 ሚሊዮን ዶላር በሰጠ ጊዜ፣ ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ድርጅት ለጡረታው የሚበቃው እውነተኛ ኮሌጅ የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት ትምህርት በሰዓት የሚለካበትን ደንብ አጥብቆ ያዘ፤ ልማዱም በዚሁ ተስፋፋ። ለሽማግሌ መምህራን መጦሪያ ሲባል የጸና መስፈሪያ ዛሬ የወጣቱን ሸክም የሚመዝን መሆኑ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

በአገራችንም የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው አባ ሉሲየን ማት መሪነት ሥራውን ሲጀምር የነበሩት ተማሪዎች 33 ብቻ ነበሩ። የ33 ሰው ምዝገባ በአንድ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ቀን ሊያልቅ የሚችል ነው። ዛሬ ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻቸውን ከአርባ በላይ ሆነዋል። ደንቡ ከሞላ ጐደል የቀድሞው ሲሆን፣ ደንቡን ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚያስረዳው ሰው ግን በዚያው ልክ አልበዛም።

በአብነት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው አንዱ ትምህርት ለሌላው መሠረት መሆኑን ለመረዳት አይቸግረውም። ቅኔና አገባብ ሳያውቅ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ የሚገባ ደቀ መዝሙር ቃሉን ይሰማል እንጂ ምሥጢሩን አያገኝም። ድጓውን የተማረም ሊያስመሰክር ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን የሚሻም ወደ ዙር አባ ይጓዛል እንጂ ሁሉንም ባንድ ላይ ልያዝ አይልም። ነገር ግን በዚያና በዩኒቨርሲቲው መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በቅኔ ቤት ያልሆነለት ተማሪ በማግሥቱ ይቀኛል፤ የሚጠፋበት አንድ ቀን ነው። በዩኒቨርሲቲ ግን አንድ ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፣ ያመለጠው ወይም የወደቀው ተማሪ ያንኑ ኮርስ ለማግኘት አንድ ዓመት ሙሉ ይጠብቃል። የቅኔ መምህር በየዕለቱ በዓይኑ እያየ የሚያስተካክለውን፣ በዩኒቨርሲቲ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ማሰብ ሊተካው ይገባል።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን የሒሳብ አያያዝን ትምህርት እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ተማሪው የመጀመሪያውን ዓመት ፍሬሽማን በሚባለው የጋራ ትምህርት ካሳለፈ በኋላ ሦስት ዓመት ይቀረዋል፤ ይኸውም ስድስት መንፈቅ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ መሠረታዊው የሒሳብ አያያዝ አንደኛና ሁለተኛ፣ መካከለኛው አንደኛና ሁለተኛ፣ ከፍተኛው አንደኛና ሁለተኛ እየተከታተሉ በየመንፈቁ አንድ አንድ ይመጣሉ እንበል። አንዱን ያላለፈ ቀጣዩን እንዲይዝ አይፈቀድለትም። ስድስቱ መንፈቆች በስድስቱ ኮርሶች ስለ ተያዙ ትርፍ መንፈቅ የለም። እንግዲህ ይህ ተማሪ በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ መካከለኛውን አንደኛ ቢያጣው፣ ኮርሱ ተመልሶ የሚመጣው በአራተኛው ዓመት መጀመሪያ ነው፤ ከፍተኛው የሒሳብ አያያዝም ወደ አምስተኛው ዓመት ይሻገራል። በአንድ ኮርስ ምክንያት ጓደኞቹ ጥቁር ካባ ለብሰው ሲመረቁ እርሱ ቆሞ ያያቸዋል።

ሰንሰለት የሌለው ኮርስ ግን እንዲህ አይደለም። ከሌላ ክፍል የሚወሰድ የምርጫ ትምህርት ወይም በኋላው ምንም ኮርስ ያልተንጠለጠለበት የጋራ ትምህርት ቢዘገይ፣ ከሁለት መንፈቅ በኋላ ቢወሰድም የሚጐዳ ነገር የለም። ተማሪዎች ድሮፕ ማድረግ የሚሉት፣ ማለት ኮርስ መጣል፣ ደንብ የፈቀደው ነገር ነው፤ ነውርም አይደለም። ሸክም የከበደበት ሰው ግን በብዛት የሚጥለው የትኛውን ነው? ከሁሉ የከበደውን ነው። ከሁሉ የከበደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሰንሰለቱ ቀለበት ነው። ስለዚህ ተማሪው ጫናውን ለማቅለል ብሎ የመመረቂያ ዓመቱን ይጥላል። ከክብደቱ ይልቅ በኋላው የተንጠለጠለውን ቢቈጥር ኖሮ ቀላሉን ጥሎ ከባዱን በያዘ ነበር።

ስለ ሸክሙም ልክ ጥቂት ልንናገር ይገባል። በተለመደው አቆጣጠር አንድ ክሬዲት ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት ከመምህር ፊት፣ ሁለት ሰዓት ደግሞ በራስ ጥናት ማለት ነው። እንግዲህ 18 ክሬዲት የያዘ ተማሪ በሳምንት 54 ሰዓት ይሠራል ማለት ነው። የወደቀበትን ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ በላዩ ቢጨምርበት 63 ሰዓት ይሆናል። ሳምንቱ በጠቅላላው 168 ሰዓት ነው፤ ከዚህ ላይ 56ቱ ለእንቅልፍ ሲቀነስ 112 ይቀራል። ምግብ፣ ልብስ ማጠብ፣ ለመታጠቢያ መሰለፍ፣ ለቤተ ሰብ ስልክ መደወል፣ በዓልና ሕመምም ከዚሁ ይወጣሉ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኝ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ከተዘጉ ወዲህ ያየነው ሌላ ነገር ደግሞ የመንፈቁ መታጠር ነው። የ16 ሳምንት ትምህርት በ12 ሳምንት እንዲሰጥ ከተደረገ የዚያው የ18 ክሬዲት ሥራ በሳምንት 72 ሰዓት ይሆናል። የቀን መቍጠሪያው ሲታጠር የክሬዲቱን ቍጥር ሳይነኩ መተው በወረቀት ላይ ምንም ለውጥ የለውም፤ በተማሪው አካል ላይ ግን አለው።

እስካሁን የተናገርነው ተማሪውን ይመለከታል። ተማሪውን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ብርቱ ተማሪ እንኳ ሊያሸንፈው የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የውጤት መዘግየት ነው። መምህሩ ያለፈውን መንፈቅ ውጤት በጊዜው ሳያስረክብ የአዲሱ መንፈቅ ምዝገባ ይከፈታል። ተማሪውም መሠረቱን ይለፈው ይውደቀው ሳያውቅ ቀጣዩን ኮርስ ይመዘገባል። ሦስትና አራት ሳምንት ከተማረ በኋላ ውጤቱ ይመጣል፤ ወድቆ የተገኘ እንደ ሆነ የያዘውን ኮርስ ጣል ይባላል። በምትኩ ሌላ ልያዝ ቢል ኮርስ የሚጨመርበት ጊዜ አልፏል የሚል መልስ ያገኛል። እንዲህም ሆኖ በዚያ መንፈቅ ባዶ እጁን ይቀመጣል። የዘገየው መምህሩ ነው፤ ቀኑ ያለፈበት ግን ተማሪው ነው። ደንብ ለሁሉ እኩል ነው ከተባለ፣ ውጤት የሚገባበት ቀን ካለፈ በኋላ ያስረከበ መምህር ምን ይባላል ብለን ብንጠይቅ ድፍረት አይሆንብንም።

ይህን ለማስተካከል አዲስ ሕግ ማውጣት አያስፈልግም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቍጥር 1152/2011 ወጥቶ በሥራ ላይ ያለ ነው፤ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲም የራሱ የመተዳደሪያ ሕግና ሴኔት አለው። ሴኔቱ አንድ ነገር ቢወስን ይበቃል፤ ውጤት የዘገየበት ተማሪ ኮርስ የሚጨምርበትና የሚጥልበት ጊዜ፣ ውጤቱ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ ይቈጠርለት። የሬጅስትራሩ ሥራ በጥቂቱ ይበዛል፤ ይህ ይታወቃል። ነገር ግን ለጥቂት ቀን የሚበዛ የጸሐፊ ሥራና የአንድ ወጣት አንድ ዓመት በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ ነገሮች አይደሉም።

የአማካሪውም ፊርማ የሚታይ ነው። አማካሪ መምህር የተመደበው ተማሪው የያዘውን ኮርስ ከመርሐ ትምህርቱ ጋር አስተያይቶ፣ የጐደለውን አሳይቶ እንዲፈርም ነው። ዛሬ በብዙ ስፍራ ተማሪው ወረቀቱን ይዞ በመተላለፊያው ላይ መምህሩን ያገኘዋል፤ መምህሩም ግድግዳ ላይ አስደግፎ ይፈርምለታል። አርባና ሃምሳ ተማሪ ባንድ ቀን ለሚመጣበት ሰው ከዚህ የተሻለ እንዲያደርግ መጠየቅ አስቸጋሪ መሆኑን እናውቃለን። መድኃኒቱ ምክሩን ከምዝገባው ቀን መለየት ነው። መንፈቁ ሳያልቅ፣ ፈተናው ሳይደርስ በፊት፣ ተማሪው የሚቀጥለውን እቅዱን ይዞ ቢመጣ አማካሪው ለእያንዳንዱ ሩብ ሰዓት ለመስጠት አያጣም። እንዲህ የሚሆነው ግን የትምህርት ክፍሉ በዓመቱ መጀመሪያ በሁለቱም መንፈቅ የሚሰጠውን ኮርስ ሁሉ አስቀድሞ ያስታወቀ እንደ ሆነ ነው። የሚሰጠው ሳይታወቅ የሚወሰደውን ማቀድ አይቻልም።

ነገሩ የገንዘብም ጉዳይ ነው። ተማሪው በየዓመቱ ሲመዘገብ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ የምግቡንና የመኝታውን፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉን፣ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ነው። አንድ ዓመት የተጨመረበት ተማሪ የአንድ ዓመት ዕዳም ይጨመርበታል። መንግሥትም ለዚያ ተማሪ ሊሰጠው የሚገባው አልጋ ሌላ አዲስ ተማሪ የሚገባበት አልጋ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም የመውጫ ፈተና ለሁሉ ግዴታ ሆኗል። አንድ ኮርስ የቀረበት ሰው ዝግጅቱና ፈተናው ከጓደኞቹ ስለሚለይ፣ ያ አንድ ኮርስ የሚያስከትለው መዘግየት ከቀድሞው የባሰ ነው። በገጠር ያለ አባት፣ ልጄ በዚህ ዓመት ይመረቃል ብሎ በሬ ሸጦ ድግስ ካሰበ በኋላ፣ የቀረችው ሦስት ክሬዲት ናት ቢሉት ምን ይገባዋል?

በ2012 ዓ.ም. የተመለሰው የፍሬሽማን ትምህርት ለአዲስ ገቢዎች አንድ ጥሩ ዕድል ሰጥቷቸዋል። በዚያ ዓመት ኮርሱ ከሞላ ጐደል የተወሰነ ስለ ሆነ ምርጫው ጥቂት ነው፤ የሚያስጨንቅ ምዝገባም የለም። ወደ ትምህርት ክፍል የሚመደቡት ከዚያ በኋላ፣ በምርጫቸውና በውጤታቸው ነው። እንግዲህ አሳብ የሌለበትን ጊዜ ለአሳብ ቢያውሉት መልካም ይሆናል። የሚመኙትን የትምህርት ክፍል መርሐ ትምህርት አስቀድመው ይያዙ፤ ከመጨረሻው መንፈቅ ጀምረው ወደ ኋላ ይቍጠሩ፤ የትኛው ኮርስ የትኛውን እንደሚጠብቅ በቀለም ያስምሩ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠውን ለይተው ምልክት ያድርጉበት። ለዚህ የሚያስፈልገው መርሐ ትምህርት ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ወረቀት ነው፤ ምሥጢርም አይደለም። ተማሪው ወደ ትምህርት ክፍሉ ገብቶ ሲጠይቅ፣ ገና አልተመደብህም፣ ገና አልተመደብሽም ሳይባል ሊሰጠው ይገባል።